ታንኳው አለ፤ ባለታንኳውስ?

«ቀይ ህንድ» የሚባለውን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዱርቤቴ ውስጥ፣ በሃምሳ ሳንቲም ነው። ቪዲዮ ቤቱ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። ጄነሬተሩ ሲያስል ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኛም አብረን እንጮሃለን። ዘመኑ የህንድ ፊልም ትንሽ ትልቁን ያስለቅስ የነበረበት 1980ዎቹ ነው። ስለዚህም «ዛሬ የቀይ ህንዶች ነው» ሲባል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ዘፈኑ መቼ ይጀመራል እያልን ጠበቅን። ዘፈን የለም። ፈረስ አለ፣ ጠመንጃ አለ፣ ላባ የሰካ ሰው እየተመታ ከፈረሱ ይወድቃል። እኛም እናጨበጭባለን፤ ለባለ ባርኔጣው ማለቴ ነው። ከመሬቱ ለሚባረረው ሰው ያጨበጨበ አንድም ልጅ አላስታውስም። የገበሬ ልጆች ነን እኮ! አባቶቻችን ለአንድ ክንድ ድንበር ዕድሜያቸውን ፍርድ ቤት ሲመላለሱ የኖሩ፣ ርስት የተባለ እንደሆነ ዓይናቸው የሚቀላ የጎጃም ገበሬዎች ናቸው። የዚያ ገበሬ ልጅ ርስቱን ለተነጠቀ ሰው ሞት ያጨበጭባል። ፊልም ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ይህን ሳስታውስ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ ባሕር ዳር ሳለሁ ያየሁት «ዳንስስ ዊዝ ዉልቭስ» ነው። ኬቪን ኮስትነር እ.ኤ.አ. በ1990 አዘጋጅቶ ራሱ የተወነበት፣ ሰባት ኦስካር የተሸለመ፣ ሦስት ሰዓት የሚሆን ፊልም ነው። ብዙዎች «ለቀይ ህንዶች ፍርድ የሰጠ ፊልም» ይሉታል። እኔ ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ታሪኩ የሲዩ ሕዝብ ታሪክ ነው ይባል እንጂ የምንከተለው አንድ ነጭ መኮንን ነው። የሚያፈቅራትም በሲዩዎች መካከል ያደገች ነጭ ሴት ናት። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ፍቅሩ የሁለት ነጮች ሆኖ መቅረቱ ሳይታሰብበት የሆነ አይመስለኝም። ከዚህም የባሰ አለ። ፊልሙ የተመሠረተበት የማይክል ብሌክ ልብ ወለድ የሚተርከው ስለ ኮማንቼዎች ነው፤ ፊልሙ ላይ ሲዩ ሆኑ። አንዱን ነገድ አንስቶ ሌላውን መተካት እንዲህ የሚቀል ከሆነ ነገዱ ገጸ ባሕርይ ሳይሆን ጌጥ ነው ማለት ነው። ሲያበቃ ደግሞ በጽሑፍ የመጨረሻዎቹ ነጻ ሲዩዎች እጃቸውን መስጠታቸውን፣ ያ ሕይወትም ማክተሙን ይነግረናል። ተመልካቹ እንባውን ጠርጎ ይወጣል። ከሞተ ሰው ጋር ምን ዕዳ አለበት?

እውነታው ግን አላከተመም። እ.ኤ.አ. በ1868 የአሜሪካ መንግሥት በፎርት ላራሚ ውል «ፓሃ ሳፓ» የተባሉትን ጥቁር ኮረብቶች ለሲዩዎች አጽንቶ ፈርሟል። በ1874 እዚያ ወርቅ ተገኘ። በ1877 ኮረብቶቹ በሕግ ስም ተወሰዱ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መሬቱ ያለ አግባብ መወሰዱን አምኖ ከመቶ ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፈላቸው የፈረደው በ1980 ነው። ሲዩዎቹ ገንዘቡን አንወስድም አሉ፤ መሬታችንን ነው የጠየቅነው አሉ። ገንዘቡ እስከ ዛሬ ወለድ እየወለደ ከቢሊዮን ዶላር አልፏል። ይህን ፊልም ሆኖ አላየሁትም፤ ባርኔጣም ፈረስም የለውማ!

ግማሹን እቀበላለሁ ያልኩት ለምንድን ነው? ስለ ቋንቋው ነው። በዚህ ፊልም ሲዩዎቹ የሚናገሩት በላኮታ ነው። ንግግሩን የተረጎመችውና ተዋንያኑን ያስጠናችው ዶሪስ ሊደር ቻርጅ የተባለች የላኮታ ቋንቋ መምህርት ናት፤ ራሷም ተውናለች። ባሕር ዳር ተቀምጬ ያን ቋንቋ ስሰማ፣ ከተቀመጥኩበት ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ጣና ዳር የሚኖረው ሕዝብ ቋንቋ ታወሰኝ። ታወሰኝ ስል እንዴት ይሆናል? ሰምቼው አላውቅም። ማንም አልሰማውም።

ወይጦዎችን ማለቴ ነው። ራሳቸውን ነገደ ወይጦ ይላሉ። ጄምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ1770 ገደማ ሲያልፍ ቋንቋቸው ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ሊመረምረው ፈልጎም ንጉሡ ሁለት ወይጦዎች እንዲያስመጡለት አደረገ። ሰዎቹ እንሰቅላችኋለን ቢባሉም እንኳ ለጥያቄው መልስ አልሰጡም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እደነግጣለሁ፤ ስለዚያ ቋንቋ ካሉን ጥንታዊ ወሬዎች አንዱ የገመድ ማስፈራሪያ ያለበት ነው። ጀርመናዊው ሚትዎኽ በ1907 ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በ1920ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ አንድ ወይጦ በሞተው ቋንቋ ዘፈን ዘፈነለት። ዘፋኙ ራሱ የዘፈኑን ትርጉም አያውቅም፤ የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት የጉማሬ የአካል ክፍሎች ስሞች ብቻ ነበሩ። ዘፈኑም አልተቀዳም። ሰው ቋንቋውን ሁሉ ጥሎ የሚበላውን አውሬ ብልት ስም ይዞ ይቀራል። የኛ ሰው ወይጦን ያገለለው ደግሞ በዚሁ በጉማሬ ሥጋ ነው። ክርስቲያኑም አብሮት አልበላም፤ እስላም ነኝ ቢልም እስላሙ አልተቀበለውም።

እኔም ከዚህ ንጹሕ አይደለሁም። ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ ጋር ቁንዝላ ወርደን ሳለ፣ ሰፌድ የምትሸጥ ወይጦ ሴት ውሃ ለመነች። ውሃው ተሰጣት፤ በተለየ ቅል። ከጠጣች በኋላ ቅሉ ከኋላ በር ተጣለ። ማንም አልተቆጣም፣ ማንም አላፈረም። ሰፌዱ ግን ቤታችን ገብቶ ዓመታት ጤፍ ነፋንበት።

አሁን ወደ ሥዕላችንና ወደ ዘፈናችን ልምጣ። ባሕር ዳር የሆቴል ግድግዳ ላይ ምን ይሳላል? ታንኳ። ፖስት ካርዱስ? የዘመን መቁጠሪያውስ? ታንኳ፣ ጀምበር ስትጠልቅ። ስለ ጣና የተዘፈነው ብዙ ነው፤ ገዳማቱ ይወሳሉ፣ ፔሊካኑ ይወሳል። ደንገሉን ከውሃው ቆርጦ፣ አድርቆ፣ አስሮ ታንኳ የሚያደርገው ሰው ግን ከሥዕሉ የለም። ሆሊውድ ሲዩውን የሳለው እየሞተ ነው፤ እኛ ወይጦን ጨርሶ አልሳልነውም። የትኛው ይብሳል? ያዳላሁ ካልሆነ በቀር የኛ ይብሳል ባይ ነኝ። በክፉ የተሳለ ሰው «እንዲህ አይደለሁም» ብሎ ይከራከራል፤ ያልተሳለ ምን ብሎ ይከራከር?

«ስለ ሥዕል ምን ያጨቃጭቃል?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ የሥዕል ብቻ አይደለም። ሚዙሪ ወንዝ ላይ ኦዋሂ የተባለው ግድብ ሲሠራ ከሁለት የሲዩ ሠፈሮች ከ160,000 ኤከር በላይ መሬት ውሃ ውጦታል። በ2016 ስታንዲንግ ሮክ ላይ የነዳጅ ቧንቧውን የተቃወሙትም ስለዚያው ወንዝ ነው። ጣና አፍ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ያለቀው በ1996 ነው። በ2003 ሐይቁ እጅግ ጎደለ፤ የተጋለጠው ዳርቻ ታረሰ፣ ደንገሉም መነመነ። በ2010 ደግሞ ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ ከዚያው ከቁንዝላ አካባቢ ውሃውን በዋሻ ይወስድ ጀመር። መብራቱ ያስፈልገናል፣ አልክድም። ከተማዋ ስትሰፋም ሐይቁ ዳር የነበረው ወይጦ ከውሃው እየራቀ ሄደ። በክልሉ ለአዊው፣ ለኽምራው፣ ለኦሮሞው የብሔረሰብ አስተዳደር ሲቋቋም ወይጦ አንድም አላገኘም። ሲዩዎቹ ፍርድ ቤት ሲቆሙ በእጃቸው የ1868 ውል ነበር። ከወይጦ ጋር ማን ምን ተፈራረመ? ሐይቁ ያንተ ነው ያለው፣ አይደለም ያለውም የለም፤ ከሥዕሉ እንደ ቀረ ከወረቀቱም ቀርቷል።

በቅርቡ ባሕር ዳር አንድ ሸምገል ያሉ ታንኳ ሠሪ አጠገብ ተቀምጬ የሲዩዎቹን ነገር አጫወትኳቸው። ጎሹ እንዴት እንዳለቀ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ገንዘቡን አንወስድም ማለታቸውን ስነግራቸው ግን እጃቸው ቆመ።

«እስካሁን አልወሰዱም?»

«አልወሰዱም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን ይበላሉ፣ ልጄ?»

ከሲዩ ሠፈሮች አንዱ የሆነው ፓይን ሪጅ አሜሪካ ውስጥ ካሉት እጅግ ድሃ ሠፈሮች የሚቆጠር መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ደንገሉን ጠበቅ አድርገው አሰሩ። ቆይተው ገንዘቡ በብር ስንት እንደሚሆን ጠየቁኝ፤ ላሰላው ሞክሬ ዜሮው በዛብኝ።