ዘፈኑን የሚያውቅ፥ መጽሐፉን ያላነበበ

አንድ ወጣት የቴዎድሮስ ካሳሁንን «ማር እስከ ጧፍ» ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ሲያዜም ሰማሁት። «ልጄ፥ ታሪኩን ከየት አገኘኸው?» ብለው፥ «ከዘፈኑ ነዋ፥ ጋሼ» አለኝ።

ዘፈኑን አልነቅፍም። በ2009 ዓ.ም. ወጥቶ የሰብለ ወንጌልንና የበዛብህን ፍቅር ለብዙ ጆሮ አድርሷል። ርእሱም ብልሃት አለበት፤ ጧፍ የሚሠራበትን ሰም ንብ ከሆዷ ሥር ካሉ እጢዎች እንደምታወጣ የሳይንስ መምህር ሊያስረዳበት ይችላል። ነገር ግን የጥቂት ደቂቃ ዜማ የጉዱ ካሳን ክርክር ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 ዓ.ም. ነበር፤ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በማግሥቱ ዓመት በ1958 ነው። ባላገሮቹ በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሡበትን ክፍል፥ ይህን ዘመን ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ተራ የመንደር ጠብ መስሎት ያልፈዋል።

መጽሐፉ እንከን የለበትም አልልም፤ ደራሲው በጉዱ ካሳ አፍ ሲያስተምር ታሪኩ አንዳንድ ጊዜ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጥፋቱ ግን የዚያ ወጣት ብቻ አይደለም። እኔም ሳስተምር ሥነ ጽሑፉን ከታሪክ፥ ታሪኩን ከፖለቲካ ለይቼ፥ የባለ ታሪኮቹን ስም አስጽፌ ተማሪዎቼን ወደ ፈተና ሰደድኋቸው። ጉዱ ካሳን ሰዉ ስለ ምን እንደ እብድ እንደ ቈጠረው አንድም ልጅ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።