«የ13 ወር ጸጋ» የተነገረው ለማን ነው?

አገርን ለጎብኚ የሚያስተዋውቅ መፈክር እንደ ማናቸውም ጽሑፍ ሊመረመር ይገባዋል። ቃሉ ጥቂት ቢሆንም ሻጩ ገዢውን ማን ነው ብሎ እንደ ገመተው ይገልጻልና። በዚህ አጭር ሒስ የምንመለከተው የኢትዮጵያን የቱሪስት ሥራ በማቋቋም የታወቁት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያወጡትን «የ13 ወር ጸጋ» የተባለውን መፈክር ነው።

የመፈክሩ ብልኅነት አይካድም። ባለ 30 ቀን 12 ወራትና 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜን ለውጭ ሰው ግራ የሚያጋቡ ነበሩ፤ መፈክሩ ግን ይህንኑ እንግዳ ነገር መስሕብ አደረገው። ለብርዳም አገር ሰው ፀሐይ የምትሸጥ ዕቃ መሆንዋንም በሚገባ ተረድቷል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ብናይ እንግሊዝኛው «ፀሐይ» ሲል አማርኛው «ጸጋ» ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሐምሌንና ነሐሴን በዝናብና በጭቃ ለሚያሳልፍ የደጋ ሰው 13 ወር ሙሉ ፀሐይ አለ ማለት አያስኬድም። እንዲያውም በ13ኛዋ ወር፣ ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች ወጥተው የሚታጠቡት በዝናቡ ነው፤ በዚያን ቀን ጸጋው ዝናቡ ነው።

ነገሩ የቃል ብቻ ቢሆን ባልደከምንበት ነበር፤ ዋናው ጉዳይ ግን የገዢው መለወጥ ነው። ለአገሬው ሰው በዓል ማለት በአብዛኛው ወደ ዘመድ መሄድ ነበር፤ ለመስቀል ወደ ጉራጌ አገር የሚጎርፈውን ሕዝብ ያየ ሁሉ ልማዱ አለመሞቱን ያውቃል። ከዚሁ ጎን ሌላ ልማድ አድጓል፤ ይኸውም ደመወዝተኛው ቤተ ሰቡን ይዞ ለፍል ውሃ ወደ ሶደሬ፣ ለዋና ወደ ላንጋኖ፣ ለቅዳሜና እሑድ ወደ ቢሾፍቱ መውረዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በ«ገበታ ለሀገር» ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ ሥራ ገንዘብ እንዲያዋጣ የተጠየቀውም የአገሬው ሰው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» የሚል አዲስ መፈክር ወጣ። ይህም ቢሆን የሚናገረው የሰውን ዘር መነሻ ለማየት ከሩቅ ለሚመጣ እንግዳ ነው። በዚያችው ምድር ለሚኖር ሰው ቀደምትነትዋ አዲስ ወሬ አይደለም። እርሱ የሚጠይቀው ስለ ንጹሕ አልጋ፣ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ዋጋ፣ ስለ ሰላማዊ መንገድና ስለ ልጆች መጫወቻ ነው። ልጆቹም ረጅሙን ዕረፍት የሚያገኙት በክረምት፣ ፀሐይ በምትጠፋበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ሁለቱም መፈክሮች ለእንግዳው መልካም፣ ለባለ አገሩ ግን ዝምተኞች ናቸው ብለን እንፈርዳለን። ሌላ መፈክር ከመፈለግ በፊት ባልንጀሮቻችን ተማሪዎች ወደ መናኸሪያውና ወደ ፍል ውሃው ወርደው ዕረፍተኛውን ምን ፈልገህ መጣህ፣ ምንስ አጣህ ብለው ቢጠይቁ ሥራው ከእኛ ሒስ ይበልጥ ይጠቅማል።