«እንዴት ታወቀ?» የማይለው ጠያቂ

ጠቅላላ ዕውቀት የሚባለው ነገር በከተማችን ትልቅ ክብር አለው። በትምህርት ቤት የመዝጊያ ቀን፣ በመሥሪያ ቤት የመዝናኛ ምሽት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የበዓል ፕሮግራም ላይ «ጥያቄና መልስ» የሌለበት መሰናዶ ወጥ የሌለው እንጀራ ይመስላል። መጽሐፍ አዟሪዎች በክንዳቸው ደርድረው ከሚዞሯቸው መካከልም ጥያቄን ከነመልሱ የያዙ ትንንሽ መድበሎች አይጠፉም። ልብ ወለዱ ይተቻል፣ ግጥሙ ይተቻል፣ ቴአትሩም ይተቻል፤ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ሕዝብ የሚሰማውን ጥያቄና መልስ ግን አንድ የጽሑፍ ዘርፍ ነው ብሎ የተቸ ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ እኔ ልሞክር። ሁሉንም ሳይሆን «ሳይንስና ሕዋ» የሚባለውን ክፍል ብቻ ነው የማነሳው። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሰማኋቸውና ካነበብኳቸው የዚህ ክፍል ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሁለት ቃላት ይጀምራሉ፤ «ማን» እና «ስንት»። ወደ ሕዋ የወጣ የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? ዩሪ ጋጋሪን፣ አፕሪል 12 ቀን 1961። ጨረቃን የረገጠ የመጀመሪያው ሰው ማን ነው? ኒል አርምስትሮንግ፣ ጁላይ 20 ቀን 1969። መልካም። ይህን ማወቅ አያስነቅፍም። ነገር ግን ይህ የሳይንስ ጥያቄ ሳይሆን የታሪክ ጥያቄ ነው። መልሱን የያዘው ተወዳዳሪ ስለ ሕዋ ያወቀው የሁለት ሰዎች ስምና የሁለት ቀኖች ቁጥር ብቻ ነው።

አንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ ከነመልሱ ስሕተት ነው። «ከሕዋ ላይ በዓይን የሚታየው ብቸኛው የሰው ልጅ ሥራ ምንድን ነው?» ይባላል፤ «የቻይና ግንብ» ተብሎ ይጨበጨባል። ግንቡ ረጅም ይሁን እንጂ ስፋቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ መልኩም ከአካባቢው አፈር ጋር ይመሳሰላል። ቻይናዊው ያንግ ሊዌ ራሳቸው በ2003 ወደ ሕዋ ወጥተው ሲመለሱ ግንቡን እንዳላዩት ተናግረዋል። የከተሞች የሌሊት መብራት ግን ከዚያው ከፍታ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጠያቂው ለአንድ አፍታ «እውን ይህን ያህል ቀጭን ነገር ከመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ሊታይ ይችላል?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ኖሮ ጥያቄውን በሰረዘው ነበር።

ሌላው ደግሞ ትናንት እውነት የነበረ፣ ዛሬ ግን ያለፈበት ነው። ፀሐይን የሚዞሩ ፕላኔቶች ስንት ናቸው? «ዘጠኝ» የሚል መልስ የያዙ መድበሎች አሁንም ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሳተርን ስንት ጨረቃ አላት? በ2023 የታወቁት 146 ደርሰው ነበር፤ በ2025 በአንድ ጊዜ 128 ተጨምረው 274 ሆኑ። ይህን ቁጥር በቃሉ የያዘ ሰው ነገ አንድ የሥነ ፈለክ ቡድን ሌላ ዝርዝር ይፋ ሲያደርግ ዕውቀቱ እንደ ሎተሪ ቲኬት ጊዜው ያልፍበታል።

«ታዲያ መልሱን ማደስ ነው፤ ዘጠኝ የነበረውን ስምንት ማለት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ዘጠኙን በስምንት መተካት አንዱን ሽምደዳ በሌላ ሽምደዳ መለወጥ ነው። ቁም ነገሩ ያለው ዘጠኙ ለምን ስምንት ሆነ በሚለው ላይ ነው። ፕሉቶን አሜሪካዊው ክላይድ ቶምቦ በ1930 አገኙት። በ2005 ደግሞ ከእሱ ርቆ፣ በመጠን ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ኤሪስ የተባለ አካል መገኘቱ ተሰማ። ፕሉቶ ፕላኔት ከተባለ ኤሪስ ለምን አይባልም? ነገ የሚገኙትስ? ሊቃውንቱ በ2006 ፕራግ ላይ ተሰብስበው ፕላኔት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ድምፅ ሰጡበት፤ ፀሐይን መዞር፣ በራሱ ስበት ክብ መሆን፣ በሚዞርበት ጎዳና አካባቢ ያለውን ሌላ ግሳንግስ ማጽዳት። ፕሉቶ ሦስተኛው ላይ ወደቀ። ሰማይ ላይ የተለወጠ ምንም ነገር የለም፤ የተለወጠው የእኛ ቃል ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ነገር አውቋል። «ስምንት» ያለው ግን አንድ ነጥብ አግኝቷል።

እኛ ለጥያቄና መልስ እንግዳ ሰዎች አይደለንም። ምድጃ ዳር «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እያልን ነው ያደግነው። የእንቆቅልሽ ብልሃቱ መልሱ ምክንያቱን አዝሎ መምጣቱ ነው። ቀን ከሌት ሲሄድ የማይደክመው ማነው ተብለን ብንሸነፍና «ወንዝ» ቢሉን፣ «ለካ!» እንላለን። መልሱን እኛው ራሳችን ከጥያቄው ጋር አመሳክረን ልክ መሆኑን እናያለን፤ ጠያቂውን ማመን አያስፈልገንም። ያቃተውም «አገር ስጠኝ» ይባልና አገር ሰጥቶ መልሱን ከነፍችው ይቀበላል። የዛሬው ጥያቄና መልስ ከዚህ አያት ጨዋታ የወረሰው ፉክክሩን ብቻ ነው። መልሱ ልክ የሚሆነው ወረቀቱ ላይ ስለተጻፈ ነው፤ ሌላ ዳኛ የለውም።

የቅርብ ጊዜ ግኝቶች ደግሞ ለእንቆቅልሽ የተፈጠሩ ናቸው። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 በአሜሪካ አገር ያሉ ሁለት መሣሪያዎች የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዙ። ከ1 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት በላይ ርቀው የነበሩ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተላትመው አንድ ሲሆኑ የተነሳው ነውጥ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ 4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የመሣሪያውን ክንድ ያነቃነቀው ከአንዲት ፕሮቶን ስፋት እጅግ ባነሰ መጠን ነው። የተለመደው ጠያቂ እዚህ ላይ «የስበት ሞገድን አስቀድሞ የተነበየው ማነው?» ይላል፤ «አይንስታይን» ይባላል፤ ያልፋል። እኔ ብሆን እንዲህ እጠይቅ ነበር፦ መሣሪያዎቹ ለምን ሁለት ሆኑ? ለምንስ በ3,000 ኪሎ ሜትር ተራራቁ? ይህን ለመመለስ ፊዚክስ መማር ግድ አይደለም፤ ማሰብ ግን ግድ ነው። እንዲህ በጥቂቱ የሚነቃነቅ መሣሪያ የጭነት መኪና ሲያልፍም፣ ንፋስ ሲነፍስም ይነቃነቃል። በሁለት የተራራቁ ቦታዎች፣ አንድ ዓይነት ንቅናቄ፣ በሺኛ ሴኮንዶች ልዩነት ከተመዘገበ ግን የመንደር ግርግር አይደለም። አንድ ምስክር ሊሳሳት ይችላል፤ ያልተነጋገሩ ሁለት ምስክሮች አንድ ቃል ሲሰጡ ግን ዳኛ ጆሮውን ያቀናል። የእድር ሸንጎ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን መልስ ሊደርስበት ይችላል።

ወደ ራሳችን ልምጣ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ስም እንዲያወጣ ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷ ደግሞ «አቦል» ተባሉ። ይህ ለጠያቂዎቻችን ሲሳይ ነው፤ «የኢትዮጵያ ስም ያላት ፕላኔት ማን ትባላለች?» ማለት ቀላል ነውና። ግን አቦልን ማን አያት? ማንም። የታወቀችው በቡና መወዛወዝ ነው። ፕላኔቷ ስትዞር ኮከቡን ወዲህና ወዲያ ትጎትተዋለች፤ ወደ እኛ ሲመጣ ብርሃኑ በጥቂቱ ወደ ሰማያዊ፣ ሲርቅ ወደ ቀይ ያዘነብላል። አምቡላንስ በአጠገባችን ሲያልፍ የጩኸቱ ቅጥነት እንደሚለዋወጥ ማለት ነው። ስዊዛውያኑ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በ1995 ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የምትዞር የመጀመሪያዋን ፕላኔት ያገኙትና በ2019 የኖቤል ሽልማት የተካፈሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ስሙን እኛ አወጣንላት፤ እንዴት እንደታወቀች ግን ልጆቻችንን አንጠይቅም።

ከዚህ የባሰው የድንቅነሽ ጉዳይ ነው። በ1974 ሐዳር ላይ መገኘቷን፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም ማለት ይቻላል። ይህን ቁጥር ማን ነገረን? አጥንት አይናገርም። የተናገረው አጥንቱ የተገኘበት የደለል ንብርብር ውስጥ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሺየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ አርጎኑ ያመልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠራቀም ይጀምራል። የተጠራቀመውን መለካት ሰዓት እንደማየት ነው። የአፋር እሳተ ገሞራዎች ባይፈነዱ ኖሮ ዕድሜዋን እንዲህ አጥብቆ መናገር ባልተቻለ። በስሟ «ሉሲ» የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በኖቬምበር 2023 «ድንቅነሽ» በተባለች፣ ስፋቷ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ የሰማይ ዐለት አጠገብ አልፋ፣ ዐለቷን የምትዞር ትንሽ ጨረቃ አገኘች። ጨረቃዋም በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ባገኛት ሕፃን ስም «ሰላም» ተባለች። የእኛ ስሞች ሰማይ ላይ ናቸው። ስሙን ይዘን ዘዴውን ብንተው ግን በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን መቅረታችን ነው።

«ጨዋታ ነው፤ ለምን ታከብደዋለህ?» እባል ይሆናል። ጨዋታነቱን አልጠላም። ቤተ መጻሕፍት በሌለበት ሰፈር ያደገ ልጅ የጋጋሪንን ስም መጀመሪያ የሰማው ከሬዲዮ ጥያቄና መልስ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሰውን መልስ እንዲቀበል ብቻ ያሠለጠነ ጨዋታ ሐሰተኛውንም መልስ እንዲቀበል አሠልጥኖታል። ዛሬ አንድ ሰው በስልኩ «ጨረቃ ላይ የወጣ ሰው የለም፤ ፊልም ነው» የሚል ወሬ ቢደርሰው፣ «አርምስትሮንግ፣ 1969» የሚለው ሽምደዳ ምን መከላከያ ይሆነዋል? አንዱ ወረቀት ሌላ፣ ሌላው ወረቀት ሌላ አለው፤ በቃ። የአፖሎ 11 ተጓዦች ጨረቃ ላይ ትተውት የመጡት የመስተዋት ሰሌዳ ዛሬም ከመሬት የሚላክለትን የሌዘር ጨረር እንደሚመልስ፣ በዚህም ጨረቃ በየዓመቱ 3.8 ሴንቲ ሜትር ያህል እየራቀችን መሆኗ እንደሚለካ የሚያውቅ ሰው ግን የሚይዘው ነገር አለው።

ስለዚህ ለአዘጋጆቻችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ለስሙና ለቁጥሩ ግማሽ ነጥብ ስጡ፤ የቀረውን ግማሽ «እንዴት ታወቀ?» ለሚለው አስቀሩት። ጥያቄው ጥቂት ይሆናል፤ ሰዓቱም አያልቅባችሁም።

ለመጀመሪያ ያህል ይኸውላችሁ፤ ጁን 21 ቀን 2020 ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽ ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነም፤ ዙሪያዋን የብርሃን ቀለበት አስቀርቷል። ሌሎች ግርዶሾች ግን ሙሉ በሙሉ ይሸፍኗታል። ያችው ጨረቃ፣ ያችው ፀሐይ፤ ታዲያ ለምን? የማያውቅ አገር ይስጥ።