የግብርና ኤክስቴንሽን አመራርና የሠራተኞች ግንኙነት፦ ከአለማያ ኮሌጅ እስከ በርበሬ በረንዳ

መግቢያ

የግብርና ኤክስቴንሽን ከሁሉ አስቀድሞ የትምህርት ሥራ ነው። ተማሪው ገበሬ፣ መምህሩ የልማት ሠራተኛ፣ መማሪያ ክፍሉም ማሳው ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ትምህርት ፈተና በማሳው ላይ አያበቃም። ከማረቆ፣ ከስልጤ፣ ከሀላባ ወይም ከምዕራብ ጎጃም በጆንያ ተጭኖ የሚመጣው የበርበሬ ዛላ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ውስጥ የሚገኘው በርበሬ በረንዳ ነው። ገዥው ጆንያውን አስፈትቶ ዛላውን በእጁ ይጨብጣል፤ ቀለሙን ያያል፤ ያሸታል፤ ሰብሮም ውስጡን ይመለከታል። ርጥበት ወይም ሻጋታ ያገኘበት እንደሆነ ዋጋውን ይቀንሳል። ይህ ፍርድ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የሚሰጥ ሲሆን፣ ጉዳቱ በደላላና በጅምላ ነጋዴ በኩል አልፎ በመጨረሻ ገበሬው ላይ ያርፋል። ትምህርቱን የሰጠው የልማት ሠራተኛ ግን የተማሪውን ውጤት የሚሰማበት መንገድ የለውም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው መንገዱ ስለምን እንደጠፋ ነው። መልሱ የሚገኘው በሠራተኛው ትጋት ማነስ ሳይሆን፣ በአመራር ድርሻ አደላደልና በሠራተኞች መካከል ባለው ግንኙነት ላይ ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮሌጁ ጋር የመጣው ሥርዓት

የኢትዮጵያ የኤክስቴንሽን ድርጅት የተወለደው በኮሌጅ ውስጥ ነው። በአራተኛው ነጥብ መርሐ ግብር መሠረት ከኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ጋር በተደረገው ስምምነት የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የእርሻና የሜካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ትምህርቱም በ1952 በጅማ ተጀምሮ ኋላ ወደ አለማያ ተዛወረ። ኮሌጁ የተሰጡት ሦስት ተግባሮች ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ውጤት ለገበሬው ማድረስ ነበሩ። ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር በመሆናቸው፣ የሰብል መምህሩ፣ ተመራማሪውና የኤክስቴንሽን ሠራተኛው አንዱ ሌላውን በስም ያውቀው ነበር።

የሥርዓቱ ምንጭ የአሜሪካ የመሬት ስጦታ ኮሌጆች ናቸው። በዚያ አገር በ1914 የወጣው የስሚዝ ሌቨር ሕግ ኤክስቴንሽንን በኮሌጆቹ ሥር ሲያደራጅ፣ ወጪውን የፌዴራሉ መንግሥት፣ ክፍለ ግዛቱና አካባቢው እንዲጋሩት ሆነ። አካባቢው ከደመወዙ ድርሻ ስለሚከፍል፣ የአውራጃው የኤክስቴንሽን ሠራተኛ ለበላዩ ብቻ ሳይሆን ለበታቹም መልስ መስጠት ነበረበት። ወደ ኢትዮጵያ በተሻገረው ሥርዓት ውስጥ ግን ይህ ሦስተኛው እግር አልነበረም። ሠራተኛው ደመወዙንም ትእዛዙንም ከአንድ ወገን የሚቀበል እንደ መሆኑ መጠን፣ የገበሬው ድምፅ ገና ከመጀመሪያው ሕጋዊ መያዣ አላገኘም።

የ1963ቱ ዝውውርና ያስከተለው መለያየት

በነሐሴ ወር 1963 የኤክስቴንሽን ኀላፊነት ከኮሌጁ ተነሥቶ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተላለፈ። ለውሳኔው በቂ ምክንያት ነበረው፤ አንድ ኮሌጅ በጥቂት ሠራተኞች ሰፊውን አገር ሊያዳርስ አይችልምና። በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። በዚህ ሁኔታ በአንድ ቤት የነበሩት ሦስት ተግባሮች በሦስት ቤት ተከፈሉ፤ ማስተማሩ ለኮሌጁ፣ ምርምሩ ለኢንስቲትዩቱ፣ ኤክስቴንሽኑ ለሚኒስቴሩ ሆነ። እያንዳንዱ የየራሱ አለቃ፣ በጀትና የሪፖርት ቅጽ ኖረው። ሊነቀፍ የሚገባው ዝውውሩ አይደለም፤ ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው ማን እንደሆነ ሳይወሰን መከናወኑ ነው።

በ1967 በአርሲ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት በዚህ ረገድ የተለየ ነበር። በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው ይህ ድርጅት ሰብል ምርምሩን፣ ኤክስቴንሽኑንና የገበያ ክፍሉን በአንድ አመራር ሥር አዋለ። ስንዴና ወተት የሚገዛው ክፍልና ገበሬውን የሚያስተምረው ክፍል ለአንድ ኀላፊ ሪፖርት ያደርጉ ነበር። ድርጅቱ ባለርስቶች በትራክተር ማረስ ጀምረው ጭሰኞችን እንዲያፈናቅሉ ሳያስበው መንገድ ከፍቷል፤ ይህ የመሬት ይዞታው ጉድለት ነው። በሠራተኞች ግንኙነት በኩል ያሳየው ትምህርት ግን በዚህ ምክንያት ዋጋ አያጣም።

የአመራር ድርሻ ወደ ሪፖርት ተቀባይነት መለወጡ

ከዚያ ወዲህ የድርጅቱ ስምና ቅርጽ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የ1971ዱ የእርሻ ሥራ ማስፋፊያ መምሪያ፣ በደርግ ዘመን የቀጠለው አነስተኛ የፓኬጅ ፕሮግራምና በ1995 የታወጀው አሳታፊ የሠርቶ ማሳያና ሥልጠና ሥርዓት በየተራ መጥተዋል። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በየቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት ሠራተኞች እንዲመደቡና የገበሬ ማሠልጠኛ ማእከል እንዲቋቋም መደረጉ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም የግንኙነቱ አቅጣጫ አልተለወጠም፤ ዕቅድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል።

ቅጹ በአብዛኛው የሚጠይቀው የተሸፈነ ሄክታር፣ የተሠራጨ ኩንታል ማዳበሪያና የሠለጠነ ገበሬ ቁጥር ነው። በዚህ ላይ ሠራተኛው ማዳበሪያ እንዲያከፋፍልና የብድር መልስ እንዲያስከፍል በተደረገባቸው ዓመታት፣ ገበሬው መምህሩን እንደ ገንዘብ ሰብሳቢ ማየት ጀመረ። የወረዳው ባለሙያ፣ ሙያው የሠራተኛው መምህር መሆን ሲገባው፣ ተቆጣጣሪ ሆነ። መሪ ማለትም ጥያቄ የሚቀበልና መልስ የሚያፈላልግ መሆኑ ቀርቶ ሪፖርት የሚቀበል ሆነ።

ችግሩ ሳይታወቅ አልቀረም። በ1980ዎቹ የምርምርና የኤክስቴንሽን አገናኝ ኮሚቴዎች ተቋቁመው ነበር፤ ኋላም ገበሬዎች የሚወከሉባቸው ምክር ቤቶች ተተኩ። ነገር ግን ኮሚቴ በባሕርዩ አለቃን ከአለቃ ጋር ያገናኛል። በቀበሌ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ያጋጠማትን ጥያቄ ለማን እንደምትጽፍና በስንት ቀን መልስ እንደሚመጣላት ካልተደነገገ፣ ስብሰባው ቃለ ጉባኤ ከማብዛት አያልፍም።

የበርበሬው ማስረጃ

የዚህን ጉድለት ክብደት በርበሬ በግልጽ ያሳያል። ምርምሩ የሚገባውን ሠርቷል፤ በቀለሙና በዛላው ትልቅነት የሚታወቀውን ማረቆ ፋናን፣ መልካ አዋዜንና መልካ ዛላን የመሳሰሉ ዝርያዎች ወጥተዋል። ኤክስቴንሽኑም የችግኝ ርቀትና የማዳበሪያ መጠን ያስተምራል። ዛላው ከተለቀመ በኋላ ያለው ሥራ ግን ባለቤት የለውም። ብዙው በርበሬ በባዶ መሬት ላይ ይሰጣል፤ በጆንያ ሲታጨቅ እንዳይሰባበር፣ አንዳንድ ጊዜም ክብደት እንዲጨምር ውኃ ይረጭበታል። ርጥበቱ ሻጋታን ያስከትላል፤ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ይህ መርዝ በመፍጨትም ሆነ በተለመደው የወጥ አሠራር አይጠፋም።

ነገሩ ግምት አይደለም። በአዲስ አበባ በተፈጨ በርበሬና በሽሮ ላይ ተደርጎ በ1996 የታተመ ምርመራ መርዙን አግኝቷል። የኤውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ ግራም በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም ጠቅላላ አፍላቶክሲን፣ ከእርሱም ውስጥ ቢ 1 ከተባለው ዓይነት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ እንዳይገኝ ደንግጓል። ስለዚህ ጉዳዩ የውጭ ገበያን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ቤት ሌማትና የልጆችን ጤና የሚመለከት ነው።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር ይታያል። ርጥብ ዛላን ከደረቁ፣ የሻገተውን ከጤነኛው የሚለይ ዕውቀት በርበሬ በረንዳ ውስጥ በየዕለቱ ይሠራበታል። ነጋዴው ያውቀዋል፤ ግንጩን እየቀነጠሱና ዛላውን እየለዩ የሚውሉት ሴቶች ደግሞ በእጃቸው ያውቁታል። ከድርጅቱ ሠራተኞች መካከል ይህን ዕውቀት ሰምቶ ወደ ማሳው የሚመልስ ኀላፊነት የተሰጠው ግን የለም። ውኃ የረጨው ገበሬ ሊወቀስ ይችላል፤ ነገር ግን በጥንቃቄ ያደረቀ ገበሬ የተሻለ ዋጋ ማግኘቱን ያላየ ሰው ምክሩን የሚቀበልበት ምክንያት አነስተኛ ነው።

አንዳንዶች የልማት ሠራተኛው ሥራ ስለበዛበት ገበያን ሊጨመርበት አይገባም ይላሉ። ሥራው መብዛቱ እውነት ነው። የሚጠየቀው ግን ሌላ ሸክም መጨመር ሳይሆን፣ የሸክሙን ዓይነት መለወጥ ነው። ከአሥር የቁጥር ዓምዶች ሦስቱ ተቀንሰው በምትካቸው አንድ የጥያቄ ዓምድ ቢገባ ሠራተኛው ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከተነተነው የሚከተሉት ሐሳቦች ይመነጫሉ።

ሀ) የወረዳ ባለሙያ የሥራ መዘርዝር ከቁጥጥር ይልቅ ማስተማርን እንዲያስቀድም፣ የሥራ ምዘናውም መልስ ባገኙ ጥያቄዎች ጭምር እንዲሆን፤

ለ) ከቀበሌ የሚነሣ ጥያቄ በጽሑፍ ተመዝግቦ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለምርምር ማእከል የሚላክበትና በተወሰነ ቀን መልስ የሚያገኝበት መንገድ እንዲደነገግ፤

ሐ) የግብርና ኮሌጅ ተማሪዎች የመስክ ልምምዳቸው በማሳ ብቻ ሳይወሰን በርበሬ በረንዳን በመሳሰሉ ገበያዎች እንዲቀጥል፣ ነጋዴዎችና ቀንጣሾችም እንደ አስተማሪ እንዲደመጡ፤

መ) ድኅረ ምርት ሥራ ከመድረቅ እስከ ማከማቸት በየደረጃው ስሙ የታወቀ ኀላፊ እንዲኖረው።

ለመምህራንና ለትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ነገሩ እንግዳ አይደለም። የት/ቤት ሱፐርቫይዘር ቅጽ ለማስሞላት ብቻ ሲመጣ፣ መምህሩ የክፍሉን ችግር ትቶ ቅጹን ያሳምራል። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ምሩቆቹን አስመርቆ ከሰደደ በኋላ ድምፃቸውን ካልሰማ፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የተሳሳተበትን ቦታ ሊያውቅ አይችልም። በርበሬው በጆንያው ውስጥ መሻገቱ የሚታወቀው ጆንያው ሲፈታ ነው፤ አመራርም የሚመዘነው ያ ወሬ ተመልሶ ወደ ማሳው በመድረሱ ነው።