የስንብት ጽሑፎችና የዕድሩ ድንኳን

በዚህ ዓምድ እስካሁን ለሂስ ያቀረብናቸው ግጥሞችና አጫጭር ልብ ወለዶች ነበሩ። ዛሬ ግን ማንም እንደ ድርሰት ቆጥሮ ያልገመገመውን፣ ብዙዎቻችን ግን በየስልካችን ደጋግመን ያነበብነውን አንድ የጽሑፍ ዓይነት እናነሣለን። ይኸውም ሰዎች ከፌስቡክ ሲወጡ የሚለጥፉት የስንብት ጽሑፍ ነው።

ቅርጹ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ጸሐፊው አስቀድሞ ቦታውን ይረግማል፤ ስድቡን፣ የዘር ጥላቻውን፣ የሐሰቱን ወሬ፣ የባከነውን ጊዜ ይዘረዝራል። ቀጥሎ ወዳጆቹን ያመሰግናል፣ ደኅና ሰንብቱ ይላል። ከሥሩ «አትሂድብን» የሚሉ ልመናዎች ይደረደራሉ፤ አንድ ሁለቱም «ጨርቅ ያድርግልህ» ብለው ያሾፋሉ። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ያው ሰው ይመለሳል። የሚመለሰውም ባብዛኛው በመርዶ ነው፤ አክስቱ ወይም የቀድሞ መምህሩ ዐርፈዋል፣ ፎቶግራፋቸውን ይለጥፋል፣ «ነፍስ ይማር» ይጎርፍለታል። ስለ ስንብቱ ግን እሱም ትንፍሽ አይልም፣ ጠያቂም የለም።

አንባቢ በዚህ ይስቃል። እኛ ሳቁ ትክክለኛ ሂስ አይመስለንም። የእነዚህ ጽሑፎች ድክመት ጸሐፊው መመለሱ አይደለም። ድክመታቸው ስለ ቤቱ ገጽ ሙሉ ተጽፎ በቤቱ ውስጥ ስላሉት ሰዎች አንድም ቁም ነገር አለመነገሩ ነው። ጸሐፊው በዚያ ቤት ብቻውን ይኖር የነበረ ይመስል ቁልፉን ጥሎ ይወጣል፤ እናቱ፣ የሰፈሩ ልጆች፣ አብረውት የተማሩት ሁሉ ግን እዚያው ናቸው።

ሰው የሚጠላውን ቤት ለምን አይለቅም ተብሎ ሲጠየቅ ፈጥኖ የሚመጣው መልስ «ሱስ ነው» የሚል ነው። ሰባኪውም፣ ሽማግሌውም፣ የሬዲዮ አዘጋጁም ይህንኑ ይላሉ። ፈጽሞ ውሸት ነው አንልም፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አውራ ጣቱ ቲክቶክን ሲገፋ የሚያድር ጎረቤት ሁላችንም አለን። ነገር ግን ሱስ ነው ብሎ ማለፍ ነገሩን በግለሰቡ ደካማነት ላይ ጥሎ መገላገል ነው። በመርዶ የተመለሰው ሰው የፈለገው የስልኩን ብርሃን አልነበረም፤ አልቃሽ ነው የፈለገው።

ማስረጃ እንጥቀስ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን፤ ወደ ኋላ የምናነሣው የናይሮቢ ፍርድ ቤት የሚቆጥረው በዚያ ነውና።) በ2023 የካቲት ወር በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መከፋፈል ተነሥቶ ሳለ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በኢትዮጵያ ተዘጉ፤ እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ያህል ተዘግተው ቆዩ። ለመውጣት ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይገኛል? ቤቱን የሚረግም ሁሉ በሩ ተዘጋለት። ሰዉ ግን ምን አደረገ? ቪፒኤን የሚባለውን የጓሮ በር ፈለገ። ስሙን አስተካክሎ የማይጠራው እንኳ የእኅቱን ልጅ ለምኖ በስልኩ አስጫነ። የሚጠሉት ቤት ሲዘጋ በጓሮ መግባት እንዴት ያለ ጉድ ነው የሚል ይኖራል። ጉድ አይደለም፤ ሰዎቹ ውስጥ ነበሩ።

በአባቶቻችን ዘመንም እንዲሁ ነበር። በ1974 ኅዳር ወር የስድሳዎቹ ባለ ሥልጣናት መገደል የተነገረው በሬዲዮ ነው። ከዚያ ወዲህ ያንን ሬዲዮ የጠላ ብዙ ነበር፤ የዘጋው ግን ጥቂት ነው። የሰው ስም የሚጠራው እዚያ ነበርና።

ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚገልጥልን ግን ዕድር ነው። ከዕድሩ ዳኛ ጋር የተኳረፈ፣ ገንዘብ ያዡን በዐይነ ቁራኛ የሚያይ፣ የወር ስብሰባው የሚያንገሸግሸው ሰው ከየትኛው ሰፈር ጠፍቶ ያውቃል? ይህ ሰው ግን መዋጮውን በየወሩ ይከፍላል፤ ሲቀርም ቅጣቱን ይከፍላል። ዕድሩን ስለ ወደደ አይደለም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ትልልቁ ድስት እዚያ ስለሆነ ነው፤ ከሁሉም በላይ እናቱ ያረፈች ዕለት ቃሬዛ የሚሸከመው ጎረቤት እዚያ ስለሆነ ነው። ብቻውን ቢወጣ የሃያ ዓመት መዋጮውን ትቶ ይወጣል፤ ዕድሩ ግን አንድ ሰው ጎደለብኝ ብሎ ድንኳን መትከሉን አይተውም። እያንዳንዱ አባል በልቡ ይህንኑ እያሰላ ይቀመጣል። ዳኛው ታዲያ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያይ የተወደደ ይመስለዋል።

ይህ ሒሳብ በጥናትም ተፈትሿል። በ2023 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሌዎናርዶ ቡርስቲንና ባልደረቦቹ ከአንድ ሺህ በላይ የአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪዎችን ጠየቁ። ሌላው ሁሉ እዚያው እንዳለ አንተ ብቻህን ቲክቶክን ለአራት ሳምንት ለመተው ስንት ይከፈልህ? ቢሏቸው በአማካይ 59 ዶላር ገደማ አሉ። ጓደኞችህ ሁሉ አብረውህ ቢወጡስ? ሲባሉ ግን ክፍያ መጠየቃቸው ቀረ፤ እንዲያውም ሁሉም እንዲወጣ ከኪሳቸው 28 ዶላር ገደማ ለመክፈል ፈቀዱ። ያው ተማሪ፣ ያው ስልክ ነው። ሰው ገንዘብ ከፍሎ እንዲጠፋለት የሚመኘውን ነገር በየቀኑ ይከፍተዋል፤ ጎረቤቱ ስለ ከፈተው። እነዚህ ተማሪዎች ጠግበው የሚያድሩ፣ ቤተሰባቸውን በፈለጉ ጊዜ የሚያገኙ ናቸው። ዘመድ ለተበተነበት ሰው ዋጋው ስንት ይሆን ብለን ብንጠይቅ ነውር አይደለም።

ይህን የምንጽፈው በኢስሊ ሆነን፣ የመውጫ ፈቃዳችን ቀኑ ሳያልቅ ነው፤ ወረቀቱ በአውቶቡስ ወደ እናንተ ይደርሳል። ናይሮቢ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ ከተማ አይደለችም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በትግራይ ተወላጅነታቸው በፌስቡክ ስማቸው ጠፋ፤ ፎቶግራፋቸው ወጣ፣ የሐሰት ክስ ተጻፈባቸው፣ ሰፈራቸው ተጠቆመ። ኅዳር 3 ቀን 2021 በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ጽሑፎቹን አይቶ እንዲነሡ ለኩባንያው አመልክቶ ነበር፤ መልስ የመጣው አባቱ ከሞቱ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2022 አብርሃም፣ ከአምነስቲው ባልደረባ ከፍሥሐ ተክሌና ከኬንያው ካቲባ ተቋም ጋር ሆኖ፣ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ። ኩባንያው እዚህ ልዳኝ አይገባም ብሎ ተከራከረ፤ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወሰነ።

እንግዲህ የስንብት ጽሑፍ ደራሲዎችን የምንጠይቃቸው እዚህ ላይ ነው። «ውጣ» የሚለው ምክር ለፕሮፌሰሩ ምን ይጠቅማቸው ነበር? የአንድ ሰው ስም በአደባባይ ሲነሣ ሰውየው ከአደባባዩ መቅረቱ ስሙን አያወርደውም። የወጣ ሰው የሚያወጣው ዐይኑን ብቻ ነው። ልጁ ክፉውን ሊያይና ሊያመለክት የቻለው ዐይኑ እዚያ ስለነበረ ነው። ያ ዐይን አባቱን አላዳነም፤ ነገር ግን ዛሬ በፍርድ ቤቱ ፊት ያለው ማስረጃ እሱ ያየው ነው። ቦታውን ከሁላችን ይልቅ ሊጠላ መብት ያለው ሰው ቦታውን መመልከት አልቻለም እንዴ ተብሎ አይከሰስም።

በዚህችው ከተማ ደግሞ ለፌስቡክ ክፉውን እየለቀሙ ለማውጣት ሳማ በሚባል ድርጅት ተቀጥረው የሠሩ አፍሪካውያን ወጣቶች ነበሩ፤ አማርኛውን፣ ትግርኛውን፣ ኦሮምኛውን ያነቡ የነበሩ ያገራችን ልጆችም በመካከላቸው ነበሩ። ሥራው በ2023 ሲቋረጥ 180 የሚያህሉት ተካሰሱ። በ2024 መጨረሻ ለፍርድ ቤት የቀረበ የሐኪም ማስረጃ ከ140 በሚበልጡት ላይ ከባድ የመንፈስ ጠባሳ መገኘቱን ገልጿል። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ አለው፣ ዳኛው ይሻራል፣ ጡሩንባ ነፊውም ሰው ነው፤ ለመርዶና ለጠብ አንድ ዓይነት አይነፋም። የፌስቡክ ዳኛ ያለው ካሊፎርኒያ ነው፤ ጡሩንባውን የሚነፋው መኪና ደግሞ ብዙ ሰው የሚያስጮኸውን ያስቀድማል። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር በዚህ አሠራር ጉዳት ካገኛቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያን በስም ጠርታለች።

ወደ ራሳችን ሰፈር እንመለስ። በጥር 2025 አሜሪካ ስደተኛ መቀበሏን ስታቆም ወሬውን ብዙዎቻችን ያየነው ውሸታም መሆኑን በምናውቀው ገጽ ላይ ነበር። ያ ገጽ ከዚያ በፊት በረራ አለ፣ ስም ወጥቷል እያለ ስንት ጊዜ አሯሩጦናል። አንዴ ግን እውነት ተናገረ፤ የተናገረውም የብዙ ቤተሰብን ዕድል የሚቆርጥ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ «ተወው» የሚል መካሪ ሰሚ አያገኝም። ሁልጊዜ የሚዋሽን መተው ቀላል ነው። በአማራ ክልልም ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ እናቱ ጎንደር ያለች ሰው ያንን የሚጠላውን ገጽ ምን ያህል እየከፈተ ባዶውን እንዳየው በየድንኳኑ የታወቀ ነው።

ታዲያ የሚወጣ የለም ማለት ነው? አለ። ዕድር ሲበላሽ ሃያ ሠላሳ አባወራ ተማክሮ ይወጣና የራሱን ድንኳን ይገዛል፤ በአዲስ አበባ ባንድ ሰፈር ሁለት ሦስት ዕድር የሚገኘው እንዲህ እየሆነ ጭምር ነው። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ መምህራን ትምህርቱን በቴሌግራም ላኩ፤ ብዙ ተማሪ እዚያ ተገኘ። ማንም ስንብት አልጻፈም፤ ክፍሉ አብሮ ሄደ። በ2021 ጥር ግን ዋትስአፕ አዲስ ውል ባወጣ ጊዜ ሚሊዮኖች ተቆጥተው ወደ ሌላ ሸሹ፤ እዚህ ናይሮቢ ዛሬም የሱቁም፣ የማኅበሩም፣ የኪራዩም ነገር በዋትስአፕ ነው። በየግል ሸሽተው ነበርና ባንድነት ተመለሱ። (ቴሌግራምም ቢሆን የቅዱሳን ሰፈር ነው አላልንም፤ እዚያም ዳኛውን የመረጠው የለም።)

ካነበብናቸው የስንብት ጽሑፎች ሁሉ አንዱን ብቻ እናመሰግናለን። የጻፈው ከእኛ ጋር ከመምህራን ኮሌጅ የወጣ አንድ ጓደኛችን ነው። ቋንቋው ደረቅ ነው፤ ፊደሉም ባንዳንድ ቦታ የተሳሳተ ነው፤ እርግማን የለበትም፣ ለቅሶም የለበትም። የክፍላችንን ሠላሳ ስምንት ሰዎች ስም በተራ ጽፎ፣ ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ የምንገናኝበትን ቦታ ይነግራል። ስልክ ለሌላቸው ለሁለቱ መርዶም ሠርግም ማን እንደሚነግራቸው ያመለክታል፤ መዋጮ በማን ኤምፔሳ እንደሚገባ ይገልጻል። በዚህ የድርሰት ዓይነት ውስጥ ሰው የቆጠረ ደራሲ ያየነው ይህን ብቻ ነው። ከሥሩ ሠላሳ አንድ ሰዎች «እሺ» ብለዋል። የቀሩትን ሰባቱን ለማምጣት ጸሐፊው ሁለት ጊዜ ተመልሶ ገብቷል፤ አምስቱን አግኝቷቸዋል።