«የመናፍስት ጦርነት»፤ ስለ አንድ አጭር ተረትና ስለ አንባቢዎቹ

አንድ አጭር ተረት በብዙ አንባቢዎች ዘንድ ብዙ ተረት ይሆናል የሚለው አሳብ በምርመራ የታየ ነገር ነው። ከምርመራዎቹም ስመ ጥሩው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና መምህር የነበሩት ፍሬድሪክ ባርትሌት በ1932 (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) «ማስታወስ» በሚል ስም ባሳተሙት መጽሐፍ የገለጹት ነው። ለምርመራቸው ከመረጧቸው ታሪኮች አንዱ፣ አንድ ገጽ ያህል ብቻ የሆነው «የመናፍስት ጦርነት» ነበረ።

ተረቱ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ በኮሎምቢያ ወንዝ ታችኛው ዳርቻ ይኖሩ ከነበሩት ከካትላመት ሰዎች ነው። ፍራንዝ ቦአስ ከቻርልስ ከልቲ አፍ እየሰሙ ጻፉት፤ በ1901ም ከሌሎች ተረቶች ጋራ፣ ካትላመትኛው ከእንግሊዝኛ ትርጕሙ ሳይለይ፣ ታተመ። ባርትሌት የወሰዱት እንግሊዝኛውን ብቻ ነው፤ እርሱንም ጥቂት አሻሽለውታል።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ሁለት ጐልማሶች የባሕር አውሬ ሊያድኑ ወደ ወንዝ ይወርዳሉ። ጉም ይሸፍናቸዋል፤ የጦር ጩኸት ይሰማሉ። አምስት ሰዎች የያዘች ታንኳ መጥታ ለዘመቻ ትጠራቸዋለች። አንደኛው ዘመዶቹ የት እንደ ሄደ እንደማያውቁ ተናግሮ ይቀራል፤ ሁለተኛው ይሄዳል። ውጊያው ተጀምሮ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ጐልማሳው ከጦረኞቹ አንዱ እርሱ እንደ ተመታ ሲናገር ይሰማል። እርሱ ግን ሕመም አይሰማውም፤ እነዚህስ መናፍስት ናቸው ብሎ ያስባል። ወደ ቤቱ ተመልሶ እሳት አንድዶ የሆነውን ሁሉ ለሰው ያወራል። ፀሐይ ስትወጣ ይወድቃል፤ ከአፉ አንድ ጥቁር ነገር ይወጣል፤ ይሞታል።

ባርትሌት አንባቢዎቹን ተረቱን ሁለት ጊዜ አስነብበው ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ቀጥሎም ቀን፣ ወርና ዓመት እያሳለፉ በቃላቸው እንዲጽፉት አደረጉ። በሌላም መንገድ አንዱ የጻፈውን ሌላው እያነበበ እንዲጽፍ አደረጉ። በጽሑፎቹም ውስጥ ታንኳው ጀልባ ሆነ፤ አደኑም ዓሣ ማስገር ሆነ። ጥቁሩ ነገር ለአንዱ የሚወጣ ነፍስ፣ ለሌላው በሟች አፍ ላይ የሚታይ አረፋ ሆነ። መናፍስቱን ፈጽሞ የተወ አለ፤ «መናፍስት» የአንድ ነገድ ስም ነው ብሎ የተረዳም አለ። ባርትሌት ከዚህ ተነሥተው፣ አንባቢ ያነበበውን እንደ ዕቃ አስቀምጦ መልሶ የሚያወጣ አይደለም፤ ትርጕም ለማግኘት እየጣረ ከለመደው ነገር ጋራ አስማምቶ እንደ ገና ይሠራዋል አሉ። ይህ አስተያየት እስከ ዛሬ ጸንቶ ይገኛል።

ይሁን እንጂ ምርመራው ሁለት ነገሮችን ደባልቋል። መናፍስቱን የተወው አንባቢ ረስቷቸው ይሁን ወይስ አስቦበት ጥሏቸው፣ ከጽሑፉ ብቻ ተለይቶ አይታወቅም። መርሳትና መተርጐም ግን አንድ አይደሉም። እንዲሁም እንግዳ የተባለው ነገር እንግዳ የሆነው ለካምብሪጅ ሰዎች ነው። ተረቱ የተነገረላቸው ሰዎች እንዴት ይሰሙት እንደ ነበረ በምርመራው ውስጥ አልተጠየቀም። ከዚህም በላይ ቦአስና ከልቲ ይነጋገሩ የነበረው ቺኑክ በሚባለው የንግድ ድብልቅ ቋንቋ ስለ ነበረ፣ አንባቢው ያደናገረው ነገር ከተረቱ ይሁን ከትርጕሙ መንገድ መመርመር ይገባው ነበር።

ትርጓሜ ሁሉ እኩል ነው የሚለው መደምደሚያም ከዚህ አይከተልም። በዚህ ተረት ውስጥ የአንባቢዎቹ ልዩነት ሁለት ዓይነት ነው። «መናፍስት» የነገድ ስም ከሆነ፣ ጐልማሳው መመታቱን ሰምቶ ሕመም ባጣ ጊዜ ያሰበው አሳብ ምክንያት አይኖረውም። የተረቱም ማሰሪያ ይፈታል፤ ሞቱ የዘገየ የቍስል ሞት ብቻ ይሆናል። ይህን ትርጓሜ ተረቱ ራሱ ይቃወመዋል። ስለ ጥቁሩ ነገር ግን ተረቱ ምንም አልወሰነም። ነፍስ ነው የሚል፣ ደም ነው የሚል፣ የመናፍስቱ ምት አሁን ታየ የሚል፣ ሁሉም በተረቱ ዝምታ ውስጥ ስፍራ አለው። እንግዲህ የተሻለው ትርጓሜ ከተረቱ ቃላት ጥቂቱን ብቻ ሥራ ፈት የሚያደርገው ነው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት በአንድምታ ትርጓሜ የያዙት ሥርዓት እዚህ ላይ የሚጠቅም መለኪያ ይሰጣል። ንባቡ በቅድሚያ እንደ ተጻፈ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ ትርጓሜው «አንድም» እየተባለ በተራ ይቀርባል። ሁለተኛው ትርጓሜ የመጀመሪያውን አይሽረውም፤ ማናቸውም ቢሆን ንባቡን አይለውጠውም። የካምብሪጅ አንባቢዎች ግን ትርጓሜያቸውን በንባቡ ውስጥ ጻፉት። «ነፍስ» ብሎ የጻፈው አንባቢ «አንድ ጥቁር ነገር» የሚለውን አጠፋ፤ ከእርሱ ተቀብሎ ለሚያነበውም ሌላ መንገድ አልቀረለትም።

ይህ ለንባብ ብቻ ሳይሆን ተረትና ምሳሌ ከሽማግሌዎች አፍ ለሚሰበስቡ ሰዎችም ትልቅ ነገር ነው። ሰብሳቢው ያልገባውን ቃል ገባኝ በሚለው ቃል ሲለውጥ፣ ተረቱን ያስተካከለ ይመስለዋል፤ የሠራው ግን ባርትሌት የመረመሩት አንባቢ የሠራውን ነው። በካምብሪጅ የጠፋው ቃል በ1901 መጽሐፍ ውስጥ ስለሚገኝ ስሕተቱ ሊታይ ችሏል። ባለ ተረቱ ከሞተ በኋላ በሰብሳቢው ደብተር ላይ የተለወጠው ግን የሚመሳከርበት ሌላ ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ ጥቁሩ ነገር ጥቁር ነገር ተብሎ ይጻፍ፤ ነፍስ መሆኑ በኅዳጉ ላይ ይታከል።