የዘንጓ ጥላ

ልጅን ሳይንስ ለማስጀመር ቤተ ሙከራ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች ዘንግ የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ትተከል፤ ልጆቹ የጥላዋን ጫፍ በየአምስት ደቂቃው በጠጠር ምልክት ያድርጉ። አስቀድመው ግን ይገምቱ። «ጥላዋ የምታጥረው ልክ በ6 ሰዓት ነው» የሚል አይጠፋም። ጠጠሮቹ ሌላ ይናገራሉ፦ በሚያዝያ አጭሩ ጥላ የሚገኘው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ነው። የአገራችን ሰዓት በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ የተቀመረ ሲሆን፣ ከተማዋ ያለችው 38 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ፀሐይ ዘግይታ ትደርሳለች።

ከዚህ የሚበልጥም አለ። ሚያዝያ 8 ወይም 9 ቀን ዘንጓ በቀትር ጥላ አልባ ትሆናለች። ከዚያ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ የቀትር ጥላዋ ወደ ደቡብ ይዞራል፤ ምን ያደርጋል፣ ክረምቱን ደመናው ይጋርደዋል። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት የምድርን ዙሪያ ያሰላው ከእንዲህ ያለ የቀትር ጥላ ተነሥቶ ነበር።

ልጅ የራሱን ግምት ራሱ ባስቀመጠው ጠጠር ሲያርም ማየት ትልቅ ደስታ ነው። መምህራን ሆይ፣ ሚያዝያ ሳያመልጣችሁ ዘንግ ትከሉ።